እርሾው ከመንገዱ በኋላ

አዲስ አበባ ያለ ልጅ፣ ደሴ የተዳረች እህት፣ ሸዋ ሮቢት የተዛወረ የሥራ ባልደረባ የቤት ቀሪቦ፣ ያ የተቆላ ገብስ መጠጥ፣ ሲያምረው ጥያቄው በስልክ ይመጣል፦ «በሰው ላኩልኝ።» ሰው አይጠፋም። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ስለተቀመጠች፣ መንገዱ ሰላም እስከሆነ ድረስ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሄድ መኪና ይገኛል። የሚያስቸግረው መጠጡ ነው። ቀሪቦ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ከተከደነ በኋላም ሥራውን አያቆምም፤ ጠላም እንደዚያው። ጣሪያ ላይ የተጫነ ጀሪካን አብጦ ክዳኑን ሲተፋ፣ የሌላ መንገደኛ ሻንጣ በጣፋጭ ውሃ ሲርስ፣ ወይም የተቀበለው ሰው ጠርሙሱን ሲከፍት ፊቱ ላይ ሲገነፍል ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ሹፌሩ አይደለም። መጠጡ ከቤት የወጣው ባልሆነ ሰዓት ነው።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ምክር አጭር ነው። በተቻለዎ መጠን የተብላላውን መጠጥ ሳይሆን ለመብላላት የተዘጋጀውን ይላኩ፤ እርሾው እዚያው ወዳጅዎ ቤት ይግባ። ቀጥሎ የሚመጣው ይህ እንዴት እንደሚደረግ፣ ካልተቻለ ደግሞ አደጋው እንዴት እንደሚቀንስ ነው። ነገሩ ሁሉ ለወዳጅ ስጦታ ስለመላክ ነው። ለሽያጭ የሚልክ ሰው ፈቃድና የጤና ቁጥጥር የሚባል ሌላ ጣጣ አለበት፤ እሱን እዚህ አንነካውም።

የስኳሩ ሒሳብ

ቀሪቦ የሚያፈላ ሰው አሠራሩን ከእኔ አይማርም። ገብሱ ጠቆር እስኪል ይቆላል፣ በውሃ እሳት ላይ ይንተከተካል፣ ይጠለላል፣ ሲበርድ ስኳርና እርሾ ይገባበታል፣ ተከድኖ ያድራል። በማግስቱ ቀምሰው ስኳር ይጨምሩበትና ይቀርባል። መጠኑ በየቤቱ ይለያያል፤ ሁሉም የራሱን ትክክለኛ ይላል። መንገድ ላይ ጉድ የሚያመጣው ግን ይህ የመጨረሻው ስኳር ነው። እርሾው አልሞተም፤ አዲስ ምግብ ተሰጥቶት፣ ክዳን ተገጥሞበት፣ ቆላ ለቆላ ሊጓዝ ነው።

አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። እርሾ ይህን ሲበላ 2 ግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ይህም በይዘት ሲለካ 1 ሊትር ያህል ጋዝ ነው። የለስላሳ ፋብሪካዎች በ1 ሊትር መጠጥ ውስጥ የሚያሟሙት ጋዝ ከ3 እስከ 4 ሊትር ገደማ ነው፤ የለስላሳ ፕላስቲክም የሚሠራው ይህንኑ ከነመጠባበቂያው እንዲችል ተደርጎ ነው። ስለዚህ በ1 ሊትር ውስጥ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር ብቻ ከተበላ ጠርሙሱ የለስላሳ ያህል ተወጥሯል ማለት ነው። በ1 ሊትር ቀሪቦዎ ውስጥ 100 ግራም ስኳር አለ እንበል፤ ይህ ለስላሳ መጠጦች ከሚይዙት ጋር የሚቀራረብ ነው። እርሾው ሁሉንም ቢጨርሰው 25 ሊትር ጋዝ ይወጣል። ይህን ችሎ የሚቀመጥ ጠርሙስ ከሚሴ ገበያም፣ መርካቶም የለም።

በአንድ ሌሊት ሁሉንም አይጨርሰውም፤ እስካሁን ብዙ ሰው ልኮ ያልፈነዳበት ለዚህ ነው። ነገር ግን መኪና ሲበላሽ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ተቀባይ ስልክ ሳያነሳ ሲቀር አንዱ ሌሊት ሁለትና ሦስት ይሆናል። ሙቀቱም ይጨመርበታል። ቀዝቃዛ ፍሪጅ ውስጥ የነበረ ጠርሙስ ወደ 35 ዲግሪ ሲሞቅ፣ አንዲት ጠብታ አዲስ ጋዝ ሳይፈጠር እንኳ ውስጡ ያለው ግፊት ከእጥፍ በላይ ያድጋል፤ የተሟሟው ጋዝ ከፈሳሹ እየወጣ ክዳኑን ስለሚገፋ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ 35 ዲግሪ ብርቅ አይደለም።

ሌላው ጉዳይ ከፍንዳታው ይልቅ የሚያሳስባቸው ብዙ ናቸው። የከሚሴና የአካባቢዋ ነዋሪ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ቀሪቦ በኢድም በሠርግም የሚቀርበው የማያሰክር መጠጥ ስለሆነ ነው። ያው እርሾ ጋዝ ሲያወጣ እኩል የሚጠጋ አልኮል ይሠራል። 100 ግራም ስኳር በ1 ሊትር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቢበላ መጠጡ 6 በመቶ ገደማ አልኮል ይይዛል፤ የፋብሪካ ቢራ ማለት ነው። ስለዚህ ማታ ሲከደን ቀሪቦ የነበረው በሦስተኛው ቀን ሲከፈት ስሙ ብቻ ቀሪቦ ሊሆን ይችላል። ሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ እንደተዘገበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘቢብ ተዘፍዝፎ የሚዘጋጅላቸውን ነቢዝ እስከ ሦስተኛው ቀን ይጠጡት ነበር፤ ከዚያ የተረፈው ይደፋ ነበር። ለቀሪቦ ልኩ የት ላይ እንደሆነ መፍረድ የዑለሞች ነው። የላኪው ድርሻ እርሾ የገባበትን ቀንና ሰዓት ጠርሙሱ ላይ መጻፍ ነው፤ ተቀባዩ ሳያውቅ እንዳይጠጣ።

ርቀቱ ምን ይፈቅዳል?

ኮምቦልቻ ከከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አጣዬም በሌላው አቅጣጫ ያን ያህል ነው። ጠዋት የተላከ ዕቃ ከቀትር በፊት ተቀባይ እጅ ይገባል። ለእነዚህ፣ እንዲሁም በኮምቦልቻ በኩል ለሚደረስባት ባቲ፣ ያደረ ቀሪቦ መላክ ይቻላል፤ ሁለት ሁኔታ ግን ይሟላ። የመጨረሻው ስኳር አይጨመርበት፤ በላስቲክ ተቋጥሮ ለብቻው ይሂድና ተቀባዩ ሊጠጣ ሲል ይጨምረው። በዚያው ቀንም ይጠጣ። ሰኞ ለባቲ ገበያ የሚሄድ ዘመድ ካለዎት ከእሱ የተሻለ መልእክተኛ የለም፤ ዕቃው ከዓይኑ አይርቅም።

አዲስ አበባ ግን 325 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ካራ ቆሬን፣ አጣዬንና ሰንበቴን አልፎ ከከሚሴም ዝቅ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል፤ ከዚያ በደብረ ሲና አቀበት ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል ላርም። «ከፍታው ነው ያፈነዳው» ይባላል። ከከሚሴ 1,400 ሜትር ተነስቶ ጣርማ በር ሲደረስ የውጭው አየር ግፊት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ይህ ሲታሸግ አየር የቀረበትን ስስ ጀሪካን ለማሳበጥና ክዳኑ ካልጠበቀ ለማንጠባጠብ ይበቃል። የለስላሳ ጠርሙስ ግን ለብዙ እጥፍ ግፊት የተሠራ ስለሆነ ይህች ልዩነት ምኑም አይደለች። ጠርሙሱ ጣርማ በር ላይ ከፈነዳ የፈነዳው ሸዋ ሮቢት ላይ ሲሞቅ በተጠራቀመው ጋዝ ነው፤ ዳገቱ የመጨረሻዋን ግፊት ብቻ ነው የጨመረው።

ለአዲስ አበባ የምመክረው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው።

ወፍራሙን ገብስ ውሃ መላክ

መኪናው ጠዋት የሚነሳ ከሆነ ሥራውን በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ይጀምሩ። የለመዱትን ያህል ገብስ ይቁሉ፤ ውሃውን ግን በግማሽ ይቀንሱ። 10 ሊትር ቀሪቦ የሚወጣውን ገብስ ከ5 ሊትር ትንሽ በሚበልጥ ውሃ ያፍሉት። ካጠለሉት በኋላ የቀረውን አተላ በጥቂት የፈላ ውሃ አጥበው ያንንም ይቀላቅሉ፤ ካልሆነ ግማሹ ጣዕም ለከብት ይቀራል። ወፍራም አድርጎ መላክ ጥቅሙ ሁለት ነው፦ ሸክሙ በግማሽ ይቀንሳል፣ ጀሪካኑም ትንሽ ስለሚሆን ሹፌሩ እግሩ ሥር ሊያስቀምጥልዎ ይስማማል። ውሃ ከከሚሴ አዲስ አበባ ድረስ ከፍሎ ማጓጓዝ ደግሞ ምን ይባላል?

ሁለት ጊዜ በንጹሕ ነጠላ ያጥልሉት። ዝቃጭ የቀረበት ቶሎ ይኮመጥጣል። ካጠለሉ በኋላ መልሰው እሳት ላይ ይጣዱትና ለ10 ደቂቃ ያህል ያንተክትኩት፤ በማጥለል ጊዜ ከእጅና ከጨርቅ የገባው ሁሉ እዚህ ይሞታል። ከዚያ ድስቱን እንደተከደነ ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ያቁሙት፤ ውሃው ሲሞቅ ይለውጡት። ቆላ ውስጥ ድስት በራሱ እስኪበርድ መጠበቅ ሌሊቱን ሙሉ ለብ ባለ ጣፋጭ ውሃ ላይ ረቂቅ ተሕዋስያንን ማርባት ነው።

ጀሪካኑ የምግብ ዘይት ወይም የውሃ የነበረ ይሁን። በሳሙናና በሙቅ ውሃ ካጠቡት በኋላ ክዳኑን ዘግተው ትንሽ ያቆዩትና ከፍተው ያሽቱት፤ ዘይት ከሸተተ ቀሪቦውም ዘይት ዘይት ይላል። የፀረ ተባይ ወይም የሌላ ኬሚካል ዕቃ የነበረ ጀሪካን መቶ ጊዜ ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም። በፈላ ውሃ አለቅልቀው ከደፉት በኋላ የበረደውን ገብስ ውሃ አፉ ድረስ ሞልተው ይክደኑት። እርሾ ስለሌለበት ጋዝ አይጠበቅም፤ ስለዚህ ለእብጠት ብለው ባዶ ቦታ አይተዉ። ባዶ ቦታ መንገድ ላይ መናጥ፣ አቀበት ላይም ማበጥ ነው። በክዳኑ አፍ ላይ አንድ የላስቲክ ቁራጭ ጣል አድርገው ቢያጠብቁት አያንጠባጥብም።

ስኳሩን መዝነው በላስቲክ ቋጥረው፣ እርሾውን ደግሞ ያልተከፈተ እሽግ አድርገው ከጀሪካኑ ጋር ይሰሩት። ሁለቱም አዲስ አበባ ሱቅ ይገኛሉ፤ ቢሆንም እኔ ስኳሩ አብሮ እንዲሄድ እመርጣለሁ፤ የላኪዋ መጠን ነውና ጣዕሙን የሚሠራው።

ተቀባዩ ዕቃው እንደደረሰው፣ ለነገ ሳይል፣ እንደገና ያፈላዋል። ይህ ሊዘለል አይገባም። እርሾም ጌሾም የሌለበት የእህል ውሃ ራሱን የሚጠብቅበት ነገር የለውም፤ ሙቀት ላይ ሲውል የሚበላሽ ምግብ ነው። ከታሸገ ከአንድ ቀን በላይ ያለ ማቀዝቀዣ የቆየ፣ የኮመጠጠ ወይም ጀሪካኑ ያበጠ ከሆነ ይደፋ። ከፈላ በኋላ ቀድሞ ፈልቶ የበረደ ውሃ እኩል ይጨምርበታል፤ ጣት ሲነከርበት ለብ የሚል ሲሆን የስኳሩን ግማሽና እርሾውን አስገብቶ በጨርቅ ሸፍኖ ያሳድረዋል። አዲስ አበባ ከከሚሴ ስለምትበርድ እርሾው ይሰንፋል። ከሚሴ አንድ ሌሊት የሚበቃው እዚያ እስከ ቀትር ሊወስድ ይችላል፤ ይህን አስቀድመው ካልነገሯቸው «አልሠራም» ብለው እርሾ ይደግሙበታል።

የተብላላውን ካልላኩ የማይሆንልዎ

አንዳንድ ወዳጅ ድስት የለውም። ሆቴል ያረፈ፣ ሆስፒታል ታማሚ የሚያስታምም፣ ዶርም የሚኖር ተማሪ ይሆናል። ለእሱ የደረሰ ቀሪቦ መላክ ግድ ከሆነ ዋናው ነገር ዕቃው ነው።

«ሃይላንድ» እያልን የምንጠራው የውሃ ፕላስቲክ ጋዝ እንዲይዝ አልተሠራም፤ ስስ ነው፣ ክዳኑም አጭር ነው። የኮካ፣ የፔፕሲ ወይም የአምቦ ውሃ ፕላስቲክ ግን ጋዝ የለመደ ነው። ከመቀመጫው ይለዩታል፤ ብዙዎቹ ታች አምስት እግር አላቸው። የተሰነጠቀ፣ የተጨማደደ፣ ፀሐይ ላይ ከርሞ የነጣ ከሆነ ይተዉት። የቢራ ወይም የአረቄ ጠርሙስ ቡሽ አድርገው አይላኩ። ፕላስቲክ ሲፈነዳ ያረጥባል፤ የመስታወት ጠርሙስ ሲፈነዳ ዓይን ያጠፋል።

ሁለተኛ ስኳር ሳይጨምሩ ፕላስቲኩን ከአሥር ዘጠኝ እጁን ይሙሉት። ከዚያ ጎኑን ጨምቀው አየሩን ያስወጡና እንደተጨመቀ ክዳኑን ያጥብቁት። ይህ የሚያስገኘው ነገር ቀላል ግን ትልቅ ነው፤ ጋዝ ሲጠራቀም የተጨመቀው ጎን እየሞላ ይመጣል። ዕቃውን የያዘው ሰው በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ ያየዋል። ጎኑ እሺ ካለ ደህና ነው። ድንጋይ ከሆነበት ክዳኑን በጣም በዝግታ ላላ አድርጎ ትንፋሽ ያስወጣለትና መልሶ ያጠብቀዋል። ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ዕቃ ከሰው ጋር ውስጥ ይሄዳል እንጂ ጣሪያ ላይ አይጫንም።

ከመነሳቱ በፊት ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት። ፍሪዘር ካለ ይበልጥ ይሻላል፤ ውሃ በረዶ ሲሆን አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሚሰፋ የተዉት ቦታ እንዲበቃ ያስተውሉ። በረዶ የሆነውን በጋዜጣና በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልለው ካርቶን ውስጥ ቢያስገቡት ብዙ ሰዓት ሳይቀልጥ ይቆያል። ግን አይሳሳቱ፤ ቅዝቃዜ እርሾን ያስተኛል እንጂ አይገድልም። ሲቀልጥ ካቆመበት ይቀጥላል።

ጠላ ከሆነ

ከሚሴና አካባቢዋ ጠላ የሚጠምቅ ጎረቤትም አለ፤ ዘመድ ወዳጁም ሩቅ ነው። የጠላ ሰዎች ይህን ችግር ከፈቱት ቆይቷል፦ ሩቅ ለሚሄድ ጠላ አይልኩም፣ ድፍድፍ ይልካሉ። ጥንስሱ ተጠንስሶ፣ ብቅሉና እንኩሮው ገብቶ፣ ድፍድፉ ከወፈረ በኋላ ውሃው ሳይሞላበት በባልዲ ይሄዳል፤ ተቀባዩ ቤቱ ውሃ ሞልቶ ይከድነዋል። ከአንድ ባልዲ ድፍድፍ ብዙ ጠላ ስለሚወጣ ለጫኝም ለላኪም ይቀላል።

ድፍድፍም ሕያው ነው፤ ይተነፍሳል። ባልዲውን ከሦስት ሁለት እጁ በላይ አይሙሉት። ክዳኑን ጥርቅም ከማድረግ ይልቅ ገጥመው በላዩ ላይ በጨርቅ ይሰሩት፤ ጋዙ በጠርዙ ይወጣል። ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከሁለት ጠንካራ ዕቃ መካከል ያስገቡት። ጉሽ ጠላ ግን በምንም ዕቃ አይላኩ፤ መብላላቱ ገና አላለቀም፣ ዝቃጩም መንገድ ላይ ሲናጥ ጋዙን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል።

ጊዜ ካለ ከሁሉ የሚሻለው ደረቁን መላክ ነው፤ የተፈጨ ጌሾ ለብቻ፣ የብቅል ዱቄት ለብቻ፣ ለእንኩሮ የሚሆነው ዱቄት ለብቻ። አካባቢው የማሽላ አገር ነውና የማሽላ ብቅል ከላኩ ይንገሯቸው፤ በገብስ የለመደ ጠማቂ በቀለሙም በጣዕሙም ግር ይለዋል።

ከሹፌርና ከረዳት ጋር

የያዘው ምን እንደሆነ ለሹፌሩ ይንገሩ። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሹፌሩ ሙስሊም ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሙስሊም አስካሪ መጠጥን መጠጣት ብቻ ሳይሆን መሸከምንም ይጠየፋል። ጠላን «ውሃ ነው» ብሎ ማሸከም ነውር ነው። ካልፈለገ ሌላ ይፈልጉ። ቀሪቦም ቢሆን እርሾ ገብቶበት ከሆነ «ይተነፍሳል፣ ፀሐይ ላይ አታስቀምጥብኝ» ይበሉት። ኬላ ላይ ፈታሽ ሲጠይቅም ሹፌሩ የሚመልሰው ይኖረዋል፤ ምን እንደያዘ የማያውቀው ጥቁር ጀሪካን የተሳፋሪውን ሁሉ ሰዓት ሊያስበላ ይችላል።

ጣሪያ፣ ሞተር አጠገብ፣ ከኋላው መስታወት ሥር አይሁን። ወለል ላይ፣ መቀመጫ ሥር፣ ቀጥ ብሎ። ዕቃውን በሌላ ላስቲክ ውስጥ ያስገቡት፤ ቢፈስ እዚያው ይቅር። መኪናው ማልዶ የሚነሳ ቢሆን ይመረጣል፤ የሸዋ ሮቢትን ቆላ ሙቀቱ ሳይበረታ ያልፋል፣ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ደግሞ ብርዱ ለእርስዎ ይሠራል።

የመንገዱን ነገር በዋዜማው ይጠይቁ። ይህ መስመር ባለፉት ዓመታት በግጭት ምክንያት በተደጋጋሚ ተዘግቶ እንደሚያውቅ ለከሚሴ ሰው መንገር አያስፈልግም። የሚያጠራጥር ነገር ካለ ፈሳሹን ትተው ገብሱን ቆልተው ፈጭተው ይላኩ፤ ደረቅ ነገር ሳምንት ቢቆም አይበላሽም፣ አይፈነዳም።

ለተቀባዩ የሹፌሩን ስልክ፣ የታርጋውን ቁጥርና የሚደርስበትን መናኸሪያ አስቀድመው ይላኩለት። ከዚህ መስመር የሚገባ አውቶቡስ ብዙውን ጊዜ ላምበረት ነው የሚያወርደው፤ ሚኒባስ ግን ሌላ ቦታ ሊቆም ስለሚችል ይጠይቁ። ዕቃው ሹፌሩ ጋ ካደረ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ሲከፈት

የተብላላ ቀሪቦ የደረሰው ሰው ወዲያው አይክፈተው። ፍሪጅ ከሌለ ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ አንድ ሰዓት ያቁመው፤ ሲበርድ ጋዙ ወደ ፈሳሹ ይመለሳል። ከዚያ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ፣ ጨርቅ ጣል አድርጎበት፣ ፊቱን አዙሮ ክዳኑን በሩብ ዙር ያላላል፤ ጢስ ሲል ያቆማል፣ ሲረጋ ይቀጥላል። ሕፃናት እንዳይከፍቱት። የመጠጥ ሽታ ከሸተተው ወይም ስኳሩ ጠፍቶ ደረቅ ካለበት እርሾው ስኳሩን አልኮል አድርጎታል፤ አልኮል ለማይጠጣ ሰው አይቅረብ።

ከአገር ውጭ

ሳዑዲ ወይም ሌላ አረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት በዚህ አካባቢ ጥቂት ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ የአልኮል መጠጥ ማስገባት በሕግ ክልክል ነው፤ ጉምሩክ ላይ «ቀሪቦ ነው» የሚል ማስረጃ ተቀባይነት አይኖረውም፣ እርሾ ያለበት ጠርሙስም በጉዞው ላይ አልኮሉ ይጨምራል። የሚታሰረው የላከው ሳይሆን የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ ፈሳሽ ፈጽሞ አይላኩ። የተቆላ ገብስ ዱቄት በግልጽ ታሽጎ፣ ምን እንደሆነ ተጽፎበት ይሂድ። ደረቅ ጌሾ ደግሞ ለማያውቀው ፈታሽ ቅጠል ነው፤ ጫት ክልክል በሆነበት አገር ጫት መስሎት ሰው ሊያንገላታ ይችላል። እሱንም ይተዉት።

ወደ አውሮፓና አሜሪካ ለሚሄድ መንገደኛ፣ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሚይዝ ዕቃ ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም። በጭነት ሻንጣ አልኮሉ ከ24 በመቶ በታች የሆነ መጠጥ በአደገኛ ዕቃ ደንብ አይከለከልም። ከዚያ በላይ የሆነው እስከ 5 ሊትር የሚፈቀደው ከነፋብሪካ እሽጉ ስለሆነ የቤት አረቄ አይገባበትም። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ግለሰብ የሚልከውን አልኮል መጠጥ አይቀበልም። እዚያ ላሉትም መልሱ ያው ደረቁ ነው፤ ፍሬው እንዳለ ሳይሆን ተቆልቶ ተፈጭቶ፣ ለጉምሩክም ሳይደበቅ።

ከጀሪካኑ ጋር የሚታሰር ወረቀት

ሹፌሩ ረስቶ ቢያሳድረው፣ ጎረቤት ቢቀበለው፣ ወዳጅዎ ጥሪዎን ባያነሳ ዕቃው ራሱ ይናገር። በአማርኛ፣ ተቀባይዎ የሚቀለው ከሆነም በኦሮምኛ፣ በእስክሪብቶ ጽፈው እንዳይርስ በላስቲክ ይሸፍኑትና ጀሪካኑ እጀታ ላይ ይሰሩት። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«የተቆላ ገብስ ውሃ። እርሾ የለበትም፣ አልኮል የለበትም። ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ፈልቶ ታሸገ። እስከ ረቡዕ ማታ መልሳችሁ አፍሉት፤ ካለፈ ድፉት፣ አትቅመሱት። ካፈላችሁ በኋላ ፈልቶ የበረደ ውሃ እኩል ጨምሩ። ለብ ሲል ስኳሩን ግማሹን፣ እርሾውን አንድ የሻይ ማንኪያ። አትጠርቅሙት፣ በጨርቅ ይሸፈን። የቀረው ስኳር ሲጠጣ ብቻ። ጀሪካኑን መልሱልኝ።»